ከአእምሮ በፊት እጅና እግር

የሰው ልጅ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ የሊቃውንት ብቻ አይደለም። በእርሻው ላይ ያለው ገበሬ፣ በማሽኑ ፊት የቆመው ሠራተኛ፣ በሸክላዋ ላይ ያጎነበሰችው እናት ሁሉ በየጊዜው የሚያነሡት ጥያቄ ነው። ስለሆነም መልሱ በጥቂት ምሁራን መጻሕፍት ውስጥ ተከድኖ ሊቀር አይገባውም።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን በአንድ ቀበሌ አዳራሽ የተካሄደ የነዋሪዎች ማኅበር ውይይት ነው። የውይይቱ ርዕስ የሰው ልጅ አመጣጥ ሲሆን፣ ገለጻው እንዳበቃ ከተሰብሳቢው ሦስት ጥያቄዎች ተነሡ።

የመጀመሪያውን ያነሡት አንድ አዛውንት ሸማኔ ናቸው። “እኔ ሰባት ቤት ቆጥሬ አባቶቼን አውቃለሁ። ከመካከላቸው ዝንጀሮ የሚባል አልሰማሁም። ዛሬ ‘አባትህ ዝንጀሮ ነው’ ልትሉኝ ነው ወይ?” ሲሉ ጠየቁ። ሁለተኛው ጠያቂ አንድ ወጣት የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። “ዝንጀሮ ሰው ሆኗል ከተባለ፣ ዛሬ በሰሜን ተራሮች ላይ ያለው ጭላዳ ምን ይጠብቃል? እርሱስ ለምን ሰው አይሆንም?” አለ። አዳራሹ ሳቀ።

ሦስተኛዋ ጠያቂ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ሸክላ ሠሪ እናት ነበሩ። “ልጆቼ፣ ሁላችን ከአንድ ግንድ ከሆንን፣ ሸክላ ስለ ሠራን ከሰው በታች ያደረገን ማን ነው? ልጄ ተምራ፣ ሥራ ይዛ፣ ‘የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት’ ተብሎ የታጨችለት ሰው ቀረባት” አሉ። በዚህ ጊዜ የሳቀ አልነበረም።

ለሁለቱ ጥያቄዎች ከመድረኩ መልስ ተሰጠ፤ ሦስተኛው ግን “ከርዕሱ ውጪ ነው” ተብሎ ታለፈ። እኛም በመድረኩ ላይ ነበርንና ዝምታው የእኛም ነበር። በኋላ ነገሩን ስንመረምረው፣ የሰውን አመጣጥ በሚመለከት ከሦስቱ ጥያቄዎች ሁሉ ወደ ጉዳዩ ሥር የገባው ሦስተኛው ሆኖ አገኘነው። ይህ ጽሑፍ እንግዲህ ለሦስቱም ጥያቄዎች ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ዘመድነትና አባትነት

አዛውንቱ ሸማኔ ሰባት ቤት ሲቆጥሩ የሚከተሉት ዘዴ ሳይንስም የሚከተለው ነው። ሁለት ሰዎች ዝምድናቸውን ማወቅ ሲፈልጉ አንዱ ሌላውን “እኔ ወለድኩህ” አይለውም። ሁለቱም ወደ ኋላ እየቆጠሩ የሚገናኙበትን አያት ይፈልጋሉ። አያቱ አንዱንም ሌላውንም አይደለም፤ የሁለቱም መነሻ ነው። ሰውና ዛሬ በሕይወት ያሉት ጦጣዎች፣ ዝንጀሮዎች፣ ጎሪላዎችና ቺምፓንዚዎች ያላቸው ግንኙነትም ይኸው ነው። ዛሬ ያለው ዝንጀሮ የሰው አባት አይደለም። ሰውም ሆነ ዝንጀሮ ዛሬ በሕይወት ከሌለ የጋራ ጥንታዊ አያት የወረዱ ዘመዳሞች ናቸው።

ዝምድናው በሁሉም ዘንድ እኩል አይደለም። ከሁሉ የሚቀርበን ቺምፓንዚ ሲሆን፣ የቺምፓንዚ ዘረ መል ተነብቦ በ2005 ይፋ በሆነ ጊዜ፣ ፊደል በፊደል ሊነጻጸር የሚችለው ክፍል ከሰው ጋር ከመቶ ወደ 99 እጅ ያህል አንድ ሆኖ ተገኝቷል። የሰውና የቺምፓንዚ መንገድ የተለያየው ከ6 እስከ 8 ሚሊዮን ዓመታት በፊት እንደሆነ ይገመታል። ከጭላዳና ከሌሎች ባለ ጭራ ዘመዶቻችን ጋር የምንገናኝበት አያት ግን ከ25 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ወደ ኋላ ይርቃል።

ከዚህ በመነሣት የወጣቱን ሠራተኛ ጥያቄ መመለስ አይከብድም። ጭላዳ ሰው ለመሆን ተራውን የሚጠብቅ፣ በመንገድ ላይ የቀረ ፍጡር አይደለም። እርሱም የራሱን ረጅም መንገድ ተጉዟል። በከፍተኛው ተራራ ብርድ ላይ ሣር እየነጨ ለመኖር የሚያስችል ጥርስና ጣት ያለው፣ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ብቻ የሚገኝ ዝርያ ነው። በውጭ አገር ስንማር በየመጽሐፉ ያየነው አንድ የታወቀ ሥዕል አለ፤ ጎንበስ ያለ ዝንጀሮ ከኋላ፣ ቀጥ ብሎ የሚራመድ ሰው ከፊት ሆነው በሰልፍ የሚሄዱበት ነው። ይህ ሥዕል ብዙዎችን አሳስቷል። ዝግመተ ለውጥ ሰልፍም መሰላልም አይደለም፤ ከአንድ ግንድ ወጥቶ በየአቅጣጫው ቅርንጫፍ የሚያወጣ ዛፍ ነው። ከቅርንጫፎቹም አብዛኞቹ ደርቀዋል።

ለውጡስ በምን ኃይል ይካሄዳል? ቻርልስ ዳርዊን በ1859 ባሳተመው መጽሐፉ ያቀረበው መልስ ለገበሬ እንግዳ አይደለም። ገበሬ ከአዝመራው መካከል የተሻለውን ፍሬ ለዘር ያስቀራል። ይህንንም ዘመን ከዘመን ሲያደርገው እህሉ ከጥንቱ ይለያል። በተፈጥሮ ዘንድ የሚመርጥ ገበሬ ባይኖርም ምርጫው ግን አለ። ከአንድ ወላጅ የሚወለዱት በጥቂቱ ይለያያሉ፤ ሁሉም ለአካለ መጠን አይደርሱም፤ ከአካባቢው ጋር በተሻለ የተስማሙት ብዙ ልጆች ይተካሉ፤ ልዩነታቸውንም ያወርሳሉ። ጥቂቱ ልዩነት በሚሊዮን ዓመታት ሲከማች አዲስ ዝርያ ይሆናል።

ከዛፍ ላይ የተገኘ ውርስ

ሰው የሚገኝበት የእንስሳት ምድብ ፕራይሜት ይባላል። ስሙን የሰጠው የስዊድኑ የተፈጥሮ ተመራማሪ ካርል ሊኔየስ ሲሆን፣ ከዳርዊን መቶ ዓመት ቀድሞ በ1758 ሰውንና ጦጣን በአንድ ምድብ ውስጥ አስቀምጧቸዋል።

የዚህ ምድብ ታሪክ የሚጀምረው ከታላቅ ጥፋት በኋላ ነው። ከ66 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከሕዋ የመጣ ግዙፍ አለት መሬትን በመምታቱ ዳይኖሰሮች አለቁ። ከጥፋቱ ከተረፉት ጥቃቅን አጥቢ እንስሳት መካከል ፐርጋቶሪየስ የተባለው ይገኝበታል። በሰሜን አሜሪካ፣ በሞንታና ከተገኙት ጥርሶቹ እንደታወቀው፣ ከጥፋቱ ጥቂት ቆይቶ የኖረ፣ አይጥ የሚያህልና ለፕራይሜቶች የቀረበ ፍጡር ነበር። በቻይና የተገኘውና በ2013 ይፋ የሆነው አርኪሴቡስ ደግሞ ወደ 55 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው ሲሆን፣ ክብደቱ ከ30 ግራም አይበልጥም ነበር። የእኛና የዘመዶቻችን አጀማመር ይህን ያህል አነስተኛ ነበር።

እነዚህ ፍጡራን የኖሩት ዛፍ ላይ ነበር። ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ የሚዘል እንስሳ ርቀትን ካልለካ ወድቆ ይሞታል። ስለዚህ ሁለቱ ዓይኖች ወደ ፊት ዞረው አንድን ነገር በአንድነት ማየት ቻሉ። ቅርንጫፍ የሚጨብጥ መዳፍና ጣት ያስፈልጋል። ስለዚህ አውራ ጣት ከሌሎቹ ተለይቶ ቆመ፤ በስለታም ጥፍር ፋንታ ጠፍጣፋ ጥፍርና ስሜተ ስስ የጣት ጫፍ ተገኘ። ዛሬ ሰዓት ጠጋኙ ጥቃቅኗን ብሎን የሚያነሣበት ጣት፣ ሸማኔው የተበጠሰውን ድር የሚያይበትና የሚቋጥርበት ዓይንና እጅ ሁሉ መሠረታቸው የተጣለው በጫካ ውስጥ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በአብዛኛው የአፍሪካ ታሪክ ነው። በግብጽ ፋዩም በተባለው ሥፍራ ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው ኤጂፕቶፒቴከስ ተገኝቷል። ይህ ፍጡር ባለ ጭራዎቹ ጦጣዎችና ጭራ አልባዎቹ ዘመዶቻችን ከመለያየታቸው በፊት የነበረውን ሁኔታ ያሳያል። በኬንያ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ ባለችው የሩሲንጋ ደሴት፣ ወደ 18 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላቸው ጭራ አልባ ፍጡራን አጽም ተገኝቷል። በአገራችንም ከአፋር ስምጥ ሸለቆ ደቡባዊ ጫፍ በጮሮራ፣ ጎሪላን የሚመስሉ ዘጠኝ ጥርሶች ተገኝተው በ2007 ጮሮራፒቴከስ በሚል ስም ለዓለም ተዋውቀዋል። ዕድሜያቸውም 8 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው።

ዓመቱን ማን ቆጠረው?

እዚህ ላይ አንባቢ “ይህን ሁሉ ሚሊዮን ዓመት ማን ቆጠረው?” ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። የስምጥ ሸለቆው አፈር ልክ እንደ እንጀራ ድርድር በንብርብር የተቀመጠ ነው። በየንብርብሩ መካከል የእሳተ ገሞራ አመድ አለ። በአመዱ ውስጥ ካለው ፖታሲየም አንዱ ዓይነት በታወቀና በማይዛነፍ ፍጥነት ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል። እሳተ ገሞራው ሲፈነዳ የቀድሞው ጋዝ ያመልጣል፤ አመዱ ከቀዘቀዘ በኋላ ግን አዲሱ ጋዝ እየተጠራቀመ ይሄዳል። የተጠራቀመውን መለካት ያለፈውን ጊዜ መለካት ነው። ከላይና ከታች ባለው አመድ መካከል የተገኘ አጥንትም ዕድሜው በሁለቱ መካከል ይሆናል። ቆጣሪው ድንጋዩ ራሱ ነው።

እግር ቀደመ

ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ሰውን ከጭራ አልባ ዘመዶቹ የሚለዩት ዋና ዋና ነገሮች በሁለት እግር መሄድ፣ መሣሪያ መሥራት፣ ትልቅ አእምሮና ቋንቋ ናቸው። ከእነዚህ መካከል የትኛው ቀደመ?

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የአውሮፓ ሊቃውንት አብዛኞቹ መልሱን ያለ ማስረጃ ያውቁት ነበር። አእምሮ ይቀድማል ይሉ ነበር። በእነርሱ አስተሳሰብ አስቀድሞ ያሰበ ጭንቅላት ተገኘ፤ ከዚያ እጅና እግር ታዘዙ። በ1912 በእንግሊዝ አገር ፒልትዳውን በተባለ ቦታ ትልቅ የሰው ራስ ቅልና የጦጣ መሰል መንጋጋ በአንድነት “በተገኙ” ጊዜ ብዙዎች ደስ ብሏቸው ተቀበሉት። የፈለጉት ሁሉ ነበረው፤ ትልቅ ጭንቅላት ነበረው፤ የተገኘውም በአውሮፓ ምድር ነበር። ከ41 ዓመታት በኋላ፣ በ1953 ሲመረመር ግን ነገሩ ማጭበርበር ሆኖ ተገኘ። ራስ ቅሉ የሰው፣ መንጋጋው ደግሞ የተሞረደና ቀለም የተቀባ የኦራንጉታን ነበር።

እውነተኛው ማስረጃ በዚያው ዘመን ከአፍሪካ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ነበር። በ1924 በደቡብ አፍሪካ ታውንግ ከተባለ ቦታ የተገኘውን የሕፃን ራስ ቅል ሬይመንድ ዳርት መርምሮ በ1925 ይፋ አደረገ። አእምሮው የጦጣ ያህል ትንሽ ነበር፤ አከርካሪ ከራስ ቅል ጋር የሚገናኝበት ቀዳዳ ግን ከሥር የሚገኝ በመሆኑ ሕፃኑ ቀጥ ብሎ ይሄድ እንደነበረ ያመለክት ነበር። የታወቁት የብሪታንያ ሊቃውንት ግን ለሃያ ዓመታት ያህል አልተቀበሉትም። ሐሰተኛው ወዲያው ተቀባይነት ሲያገኝ እውነተኛው ደጅ ጠና። ዳርዊን በ1871 የሰው የጥንት አያቶች ሳይኖሩ ያልቀሩት በአፍሪካ ነው ብሎ መገመቱ እንኳ ተዘነጋ።

የማያጠራጥረው ማስረጃ የመጣው ከአገራችን ነው። ኅዳር 15 ቀን 1967 በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ በአፋር ሐዳር በተባለው ሥፍራ ዶናልድ ዮሐንሰንና ባልደረባው የአንዲት ፍጡርን አጽም አገኙ። ወደ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላትና ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ የተገኘው ይህች ፍጡር እኛ ድንቅነሽ የምንላት ናት። ቁመቷ አንድ ሜትር ከጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር። ዳሌዋና ጉልበቷ በሁለት እግር ትሄድ እንደነበረ ይመሰክራሉ። የዝርያዋ አእምሮ ግን ከቺምፓንዚ ብዙም ያልበለጠ፣ ከእኛ አንድ ሦስተኛ የሚሆን ነበር። በታንዛኒያ ሌቶሊ በ1978 የተገኘው፣ በእሳተ ገሞራ አመድ ላይ የታተመ የ3.66 ሚሊዮን ዓመት የእግር ዱካም ይህንኑ አጽንቷል።

ከድንቅነሽ ወዲህ የተገኙት ማስረጃዎች ነገሩን ወደ ኋላ ይበልጥ ወስደውታል። በመካከለኛው አዋሽ፣ በአራሚስ በ1994 መገኘት የጀመረውና በ2009 በዝርዝር ይፋ የሆነው የአርዲ አጽም 4.4 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አለው። አርዲ በምድር ላይ በሁለት እግሯ ትሄድ ነበር፤ የእግሯ አውራ ጣት ግን እንደ እጅ አውራ ጣት ወደ ጎን የቆመ በመሆኑ ዛፍ ላይ ስትወጣ ቅርንጫፍ ትጨብጥበት ነበር። የኖረችው በሣር ሜዳ ላይ ሳይሆን ዛፍ ባለበት አካባቢ ነው። ስለዚህ ጫካው ደርቆ ሜዳ ሲሆን አያቶቻችን ተገድደው ቆሙ የሚለው የቀድሞ ማብራሪያ ብቻውን እንደማይበቃ አሳይታለች። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ ያገኘው አርዲፒቴከስ ካዳባ ከ5 ሚሊዮን ዓመት በላይ፣ በቻድ በ2001 የተገኘው ሳሄላንትሮፐስ ደግሞ ወደ 7 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላቸው። ሌላው ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በ2000 በዲኪካ ያገኛት ሰላም የተባለችው ሕፃን፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ስትሆን፣ እግሯ ለመሄድ፣ ትከሻዋ ግን ገና ለመንጠላጠል የተመቸ ነበር።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። እግር ቀደመ። እጅም ከመራመድ ግዴታ ነጻ ወጣ። ጭንቅላት ግን በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ዓመታት ባለበት ቆየ።

እጅና ድንጋይ

ነጻ የወጣ እጅ ምን ሠራ? በኬንያ፣ ከቱርካና ሐይቅ በስተ ምዕራብ ሎሜክዊ በተባለ ቦታ የተገኙትና በ2015 ይፋ የሆኑት የድንጋይ መሣሪያዎች 3.3 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ተሰጥቷቸዋል። ይህም የእኛ የሆሞ ወገን ከመታየቱ በፊት ነው። የዚህ ወገን የመጀመሪያ ማስረጃ የሆነው የታችኛው መንጋጋ በአፋር ሌዲ ገራሩ በ2013 የተገኘ ሲሆን ዕድሜው 2.8 ሚሊዮን ዓመት ነው። ስለሺ ሰማውና ባልደረቦቹ በ1997 ይፋ ያደረጓቸው የጎና መሣሪያዎችም ወደ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላቸው።

የጎናን መሣሪያ የሚያይ ሰው “ይህ ተራ የተሰበረ ድንጋይ ነው” ሊል ይችላል። የድንጋይ ጠራቢ ግን እንዲህ አይልም። ድንጋይን በድንጋይ መትቶ ስለታም ስባሪ ለማውጣት ጥሩውን ድንጋይ መምረጥ፣ ጠርዙን ማየት፣ የምቱን ማዕዘንና ኃይል መመጠን ያስፈልጋል። ካንዚ የተባለ ቦኖቦ በአሜሪካ ድንጋይ መስበርን ተምሮ ስባሪ ለማውጣት ችሎ ነበር፤ ሆኖም የሥራው ጥራት ከጎና ሠራተኞች ደረጃ አልደረሰም። ማን እንደነበሩ በስም የማናውቃቸው እነዚያ የጎና ሠራተኞች ባለሙያዎች ነበሩ ማለት ነው።

በስለታሙ ድንጋይ ሥጋ ተቆረጠ፤ አጥንት ተሰብሮ መቅን ወጣ። በመካከለኛው አዋሽ በቡሪ የተገኙ የ2.5 ሚሊዮን ዓመት የእንስሳት አጥንቶች ላይ የመቁረጫው ጭረት እስከ ዛሬ ይታያል። አእምሮ ውድ የአካል ክፍል ነው። ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ሲሆን ከምንመገበው ኃይል ግን ወደ 20 በመቶ ይወስዳል። የተሻለ ምግብ ሲገኝ ይህን ወጪ መሸፈን ተቻለ። እጅ መሣሪያ ይሠራል፤ መሣሪያ ምግብ ያመጣል፤ ምግብ አእምሮን ይመግባል፤ የሰፋው አእምሮ ደግሞ ተመልሶ የተሻለ መሣሪያ እንዲሠራ እጅን ይመራል። በኮንሶ 1.75 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላቸው፣ በሁለቱም ጎን የተጠረቡ ትልልቅ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። እነዚህ መሣሪያዎች ከመሠራታቸው በፊት በሠሪው ኅሊና ውስጥ ቅርጽ ነበራቸው። ዛሬ የአእምሮአችን መጠን በአማካይ ወደ 1350 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ይህም የድንቅነሽን ዝርያ ሦስት እጥፍ ነው። መልኩ እንደ እኛ የሆነ ሰው አጽም በሞሮኮ 300 ሺህ ዓመት፣ በኦሞ ኪቢሽ ቢያንስ 230 ሺህ ዓመት ያህል ዕድሜ ይዞ ተገኝቷል።

ይህን ግንኙነት ከአጽሞቹ አስቀድሞ ያመለከተ አንድ ጽሑፍ አለ። ፍሪድሪክ ኤንግልስ በ1876 ጽፎት ሳይጨርሰው የቀረውና ከሞተ በኋላ በ1896 የታተመው ይህ ጽሑፍ፣ ከዝንጀሮ ወደ ሰው በተደረገው ሽግግር ውስጥ የሥራን ድርሻ ይመለከታል። ከአፍሪካ አንድም የጥንት ሰው አጽም ባልተገኘበት ዘመን፣ ቀጥ ብሎ መሄድ እንደቀደመ፣ እጅ ነጻ እንደወጣ፣ አእምሮ በኋላ እንደተከተለ ጽፏል። ከሊቃውንቱ ይልቅ እንዴት ተሻለው? ለሥልጣኔ ሁሉ ምስጋናውን ለጭንቅላት ብቻ የመስጠት ልማድ፣ አሳቢው ከሠሪው በላይ ከተቀመጠበት የኅብረተሰብ አቋም የመነጨ መሆኑን ስለተገነዘበ ነው። የፒልትዳውን ተላላነት ከዚሁ ልማድ ጋር አብሮ ሊታይ የሚገባው ነው።

ሆኖም ሳይንስ ለማንም ጽሑፍ አያጎበድድምና ጽሑፉ የተሳሳተበትንም መናገር ይገባል። በመሣሪያ መጠቀም የሰው ብቻ አይደለም። ጄን ጉድል በ1960 በታንዛኒያ ጎምቤ ቺምፓንዚዎች በእንጨት ቀንበጥ ምስጥ ሲያወጡ አይታለች። ከዚህ የሚበልጠው ስህተት ግን ኤንግልስ እንደ ብዙዎቹ የዘመኑ ሰዎች፣ አባት በሥራ ያዳበረው የእጅ ቅልጥፍና በደም ወደ ልጅ ይተላለፋል ብሎ ማመኑ ነው። በኋላ የዳበረው የዘር ሳይንስ ይህን አልደገፈም። አንጥረኛ በመዶሻ ያፈረጠመው ክንድ ለልጁ አይወረስም።

በደም የማይወረስ ሙያ

ይህ እርማት ወደ ሸክላ ሠሪዋ እናት ጥያቄ ያደርሰናል። ሙያ በደም የማይወረስ ከሆነ እንዴት እስከ እኛ ደረሰ? በመማር ነው። የሸማኔ ልጅ መወርወሪያ ይዞ አይወለድም፤ ከአባቱ አጠገብ ተቀምጦ፣ ድሩን እየበጠሰና እየቀጠለ ይማራል። የጎና ድንጋይ ጠራቢም ከሌላ ጠራቢ ሳይማር አልቀረም። የሰው ልጅ ከሌሎች እንስሳት የተለየ ሀብቱ አንዱ ትውልድ በእጁ ያወቀውን ሌላው በማየትና በመስማት የሚቀበልበት ማኅበራዊ ሰንሰለት ነው።

እንግዲህ በአገራችን ጠይብ፣ ቀጥቃጭ፣ ፋቂ፣ ቡዳ እየተባለ በሙያው ላይ የተለጠፈው ስድብ ምን መሠረት አለው? ስድቡ ሁለት ነገሮችን ይናገራል። አንደኛ፣ በእጅ መሥራት ውርደት ነው ይላል። ሁለተኛ፣ ውርደቱ በዘር ይተላለፋል ይላል። ከላይ የተመለከትነው ማስረጃ ሁለቱንም ያፈርሳል። በእጅ መሥራት ሰውን ሰው ካደረጉት ኃይሎች አንዱ ነው። በዘር የሚተላለፍ የሸክላ ሠሪነት ወይም የአንጥረኛነት ደም ደግሞ የለም። ሰው ሁሉ የአንድ ዝርያ አባል ነው፤ የቡዳ አጥንት ተብሎ በየትኛውም ቤተ ሙከራ የተለየ አጥንት የለም።

ነገሩን ይበልጥ የሚያሳዝነው የሚከተለው ነው። በኮንሶ ቆዳ የሚፍቁ ባለሙያዎች፣ በአብዛኛው ሴቶች፣ እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ በገዛ እጃቸው በጠረቡት ድንጋይ ይሠሩ ነበር። ከዓለም ዙሪያ የመጡ ተመራማሪዎች የጥንቱን የድንጋይ ሙያ ለመረዳት ከእነርሱ ዘንድ ተቀምጠው ተምረዋል። የሰው ልጅን እጅግ ጥንታዊ ሙያ በሕይወት ያቆዩት እነዚህ ሰዎች በገዛ አካባቢያቸው ግን ከመሬት ባለቤትነትና ከጋብቻ ሲገለሉ ኖረዋል። ዓለም መምህር ያላቸውን ጎረቤት ንቋቸዋል።

ይህ ንቀት በቃል ብቻ አልጠፋም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓመተ ምሕረት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው በታሪክ ተመዝግቧል። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት አልፏል፤ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ግን እጮኛዋ ቀርቶባታል። አዋጅ አንደበትን ሊገታ ይችላል፤ ኅሊና የሚለወጠው ግን የንቀቱ ሥር ሐሰት መሆኑ ሲታወቅና ያወቀውም በቤቱ፣ በጋብቻው፣ በዕድሩ ውስጥ በተግባር ሲያውለው ነው።

ለሦስቱ ጠያቂዎች

ለአዛውንቱ ሸማኔ የምንለው ይህ ነው። አባትዎ ዝንጀሮ አይደለም። ነገር ግን ሰባት ቤት የቆጠሩትን ቆጠራ ሳያቋርጡ ወደ ኋላ ቢቀጥሉት፣ አንድ ቀን ከጉድጓድዎ ላይ ተቀምጠው የመርገጫውን ገመድ በእግር ጣትዎ መካከል እንደሚይዙ ሁሉ፣ ቅርንጫፍ በእግሯ ትጨብጥ የነበረች አያት ዘንድ ይደርሳሉ። በእርስዋ የሚያፍሩበት ምክንያት የለም።

ለወጣቱ ሠራተኛ ደግሞ፣ ጭላዳ ምንም አይጠብቅም እንለዋለን። የሚጠብቀው ነገር ቢኖር መኖሪያው ተራራ ታርሶ እንዳያልቅበት እኛ ዘመዶቹ እንድናስብለት ነው። አጋጣሚ ሲገኝም ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ላይ ወደሚገኘው፣ በ2024 በዓለም ቅርስነት ወደ ተመዘገበው መልካ ቁንጡሬ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ይሂድ። በአዋሽ ዳር የጥንት ሠራተኞች ባልጩትና ሌላውን ድንጋይ ጠርበው የጣሉበትን ሥፍራ በዓይኑ ያያል። እርሱ በፋብሪካው ውስጥ የሚይዘው መሣሪያ የረጅም ሰንሰለት መጨረሻ ቀለበት መሆኑን ያኔ ይረዳዋል።

ለሸክላ ሠሪዋ እናት የምንመልሰው ከሁሉ ይከብዳል፤ ምክንያቱም የሰጠነው የመጀመሪያ መልስ ዝምታ ነበርና። ጥያቄዎ ከርዕሱ ውጪ አልነበረም፤ ርዕሱ ራሱ ነበር። እናንተን ከሰው በታች ያደረገ ተፈጥሮ የለም፤ ያደረግነው እኛው ነን። ጭንቅላት ከእጅ ይበልጣል ብለው የፒልትዳውንን ሐሰት የተቀበሉት ሊቃውንትና ጀበናዎን ገዝቶ ልጅዎን ያልፈለገው ጎረቤት አንድ ዓይነት ስህተት ሠርተዋል። የመጀመሪያዎቹ ስህተታቸው በተጋለጠ ጊዜ መጽሐፋቸውን አርመዋል። እኛ ደግሞ ራሳችንን ማረም ይጠበቅብናል።

ስለሆነም የነዋሪዎች ማኅበራት ይህን ጉዳይ እንደገና በአጀንዳ ይዘው እንዲወያዩበት እናሳስባለን። በሚቀጥለው ስብሰባ ግን ሸክላ ሠሪዋ እናት ከኋላ ወንበር ላይ ሊቀመጡ አይገባም። የሰው ልጅ በእጁ እንዴት ሰው እንደሆነ ለማስረዳት ከእርሳቸው የተሻለ ሰው በአዳራሹ ውስጥ የለምና፣ ጭቃቸውን ይዘው ወደ መድረኩ ይውጡ።